አምስቱ የዳልቻ ስሞች

አንድ ጊዜ ሃያ ስድስት አህዮች በአምስት ቃላት ምክንያት ሊበሉ ሲሉ ለጥቂት ተረፉ።

አህዮቹ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሜዳ መሐል ካለ ክብ ጉድጓድ ጨዋማ አፈር ሊልሱ ይወርዱ ነበር። መሪያቸው አሮጊቷ አህያ ዳልቻ ነበረች። ደንቧ አጭር ነው፤ አሥራ ሦስቱ ሲልሱ አሥራ ሦስቱ ዙሪያውን ቆመው ሜዳውን ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። በየቅያሬው ዳልቻ ትቆጥራለች፤ ቁጥሩ ካልሞላ ማንም ምላሱን አያወጣም። ደንቡን የተቀበለችው ከእናቷ ሲሆን፣ እሷ በመራችባቸው ዘጠኝ ዓመታት ከመንጋው አንድም አህያ አልተበላም።

ይህ ያስከፋው አያ ጅቦን ነው። እሱና ስድስት ጓደኞቹ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጠው ይውሉና ምራቃቸውን እየዋጡ ይመለሱ ነበር። ሲመረው እመት ቀበሮን አማከራት። አንድ ጉበት ከሰጣት ደንቡን እንደምታፈርስለት ነገረችው። በየትኛው ጉልበትሽ ብሎ ሳቀባት። በጉልበት ሳይሆን በወሬ እንደሆነ ብታስረዳውም አልገባውም፤ ጉበቱን ግን ቃል ገባላት።

ቀበሮ በማግስቱ ወጣቶቹ አህዮች የሚግጡበት ሄደች። ትንሽ አፈር ለመላስ ግማሽ ቀን ቆመው መዋላቸው እንዴት እንዳሳዘናት ነገረቻቸው። የዳልቻ ትእዛዝ ነው አሏት።

«እንዲህ ያለችውን ምን እንደሚሏት ታውቃላችሁ?» አለች ቀበሮ። «ሲነግሯት የማትሰማ ግትር ትባላለች። ሰምታም የማትለወጥ ችኮ ናት። ቢለምኗት የማትራራ ደረቅ። እናቷ ስላደረገችው ብቻ የምታደርግ ወግ አጥባቂ። አራቱንም የሆነችውን ደግሞ አክራሪ ይሏታል።»

ወጣቶቹ ስሞቹን ወደዷቸው። አንዱ «ችኮዋ መጣች» ሲል ሌላው «አክራሪዋ በል እንጂ» እያለ ያርመው ጀመር። በሰባተኛው ቀን ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጎረምሳ፣ ቦራ፣ በጓደኞቹ ተልኮ ዳልቻ ፊት ቆመ። ተራው ይቅርና ሁላችንም አንድ ላይ እንላስ አላት። ለምን ብትለው አምስቱን ስሞች አንድም ሳያስቀር ዘረዘረላት።

ዳልቻ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አምስት ናቸው» አለች። «ከአምስቱ የሚነክስ አለ ልጄ?»

«የለም እማማ።»

«እንግዲያው አልጎዱኝም። ማን አስተማረህ?»

«እመት ቀበሮ።»

«ቀበሮ ጨው ትልሳለች?»

ቦራ አሰበ። «አትልስም።»

«ታዲያ የእኛ ተራ እሷን ምን አስቀረባት?»

የቦራ ጆሮዎች ወደቁ። ሄጄ ላባርራት ብሎ ተነሳ። ዳልቻ ግን ከለከለችው፤ ይልቅ ደንቡ ፈርሷል፣ በሚቀጥለው ሁላችንም አንድ ላይ እንልሳለን ብለህ ንገራት አለችው። ወጣቶቹ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። እሷም አስረዳቻቸው። እናቷ ደንቡን ያወጣችው ሜዳውን የሚያይ ዓይን እንዳይጠፋ ነበር፤ አሁን እሷ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው ጉብታ ላይ ቆማ ታያለች። ሃያ አምስት አህዮች ጭንቅላታቸውን ወደ ክቡ ጉድጓድ ካስገቡ ደግሞ ሃምሳ የኋላ ኮቴ ወደ ውጭ ይዞራል። የእነሱ ሥራ ድምጿን መጠበቅ ብቻ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሃያ አምስቱ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ይልሱ ነበር። አያ ጅቦ ገና ከቁጥቋጦው ሳይወጣ ሥጋ ማካፈል ጀመረ።

«ለእኔ ሰባት፣ ለእናንተ ሦስት ሦስት። ያቺ ጉብታ ላይ ያለችው አሮጊት ትቅርብን፣ ሥጋዋ ይጠነክራል።»

የሰባውን አህያ ማን እንደሚወስድ ሳይስማሙ ስለወጡ ሰባቱም ወደ እሱ ተሽቀዳደሙ። እየተገፋፉ፣ እየተነካከሱ ደረሱ። ዳልቻ ሦስት እርምጃ እስኪቀራቸው ዝም አለች፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አናፋች። ኮቴዎቹ ተነሱ።

አያ ጅቦ መንጋጋው ተጣሞ እያነከሰ ሲመለስ ቀበሮ ሩቅ ካለ ድንጋይ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

«ደንቡ ፈርሷል አላልሽኝም?» አላት።

«እነሱ ናቸው ያሉኝ አያ ጅቦ። አህያ ይዋሻል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

በዚያ ቁስሉ ላይ ሆኖ እስከ ወንዙ ማዶ አባረራት፤ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ አገር አልተመለሰችም።

ዳልቻ አዲሱን አሰላለፍ ደንብ አደረገችው፤ ለጉብታውም ተረኛ መደበች፤ የመጀመሪያው ተረኛ ቦራ ሆነ። ሒሳቡ ሲተሳሰብ ጅቦች አሥራ ዘጠኝ ጥርስና አራት የጎድን አጥንት ከሰሩ፤ ቀበሮ ጉበቷንም ጉድጓዷንም አጣች፤ አህዮች ከሰባው ወንድማቸው ጭራ አንድ ጭብጥ ፀጉር ከፍለው በየአሥራ አምስት ቀኑ ግማሽ ቀን አተረፉ።

ከዚህ የምንማረው አንድን ሰው ግትር ወይም ወግ አጥባቂ ሲሉት ስንሰማ፣ ስሙን ከመቀበላችን በፊት የሰውየው ደንብ ቢፈርስ ስም አውጪው ምን እንደሚያገኝ ማስላት እንደሚገባን ነው።