ሕዋስ የምትባለው ቃል

አንድ ጡረታ የወጣ ግንበኛ ነበረ። ሰውየው ጥላውን እንኳ አያምንም። ልጁ ሻይ ስታቀርብለት «እስቲ አንቺ ቅመሺው» ይላታል። ጎረቤት «እንዴት አደሩ» ካለው «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ይላል። አትሳቁ! ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንኖረው?

አንድ ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ሲል ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ልጁ ውዴነሽ እየለመነች ሐኪም ቤት አደረሰችው። ዶክተር ገረሱ የሚባል ወጣት ሐኪም ጭንቅላቱን በማሽን አየና፣ «አባቴ፣ ስትሮክ ነው። እጅዎ ደህና ነው፤ የተጎዳው አንጎልዎ ነው፣ ያውም በግራ በኩል» አለው።

ሰውየው ሐኪሙን በጎን አየው። ቀኜ ታሞ ግራዬን? ይሄ ሰው ሊሸውደኝ ነው አለ በሆዱ።

ዶክተሩ ቀጠለ። «በአንጎል ቅርፊት ውስጥ ፒራሚድ የሚመስሉ ሕዋሶች አሉ...»

ሕዋስ!

ምእመናን፣ ይህ ሰው በደርግ ጊዜ ወጣት ነበር። በዚያ ዘመን ሕዋስ ምን እንደነበር ትልልቆቹ ታውቃላችሁ። ለፖለቲካ ተደብቀው የሚሰበሰቡ ሦስት አራት ሰዎች ናቸው። የእሱን ሕዋስ አብሮ አደጉ ጠቁሞበት ወህኒ ወርዷል። ከዚያ ወዲህ ሰው አምኖ አያውቅም።

ምስኪኑ ዶክተር ይህን በምን ይወቅ? «ዓይነታቸው ብዙ ነው» ይላል። «አንዳንዶቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይገናኛሉ። አንዳንዶቹ ወደ ሌላኛው የአንጎል ወገን ይሻገራሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች እስከ አከርካሪ ያወርዳሉ፤ መንገድ ላይ ስለሚሻገሩ ቀኙን የሚያዘው ግራው ነው። የእርስዎ ግንኙነት ተቋርጧል። የቀሩትን ግን ማንቃት፣ እንደገና ማደራጀት እንችላለን።»

«ማንቃት? ማደራጀት?» ሰውየው የዚያን ዘመን የሕዋስ ቃላት ሰምቶ ብድግ አለ። «አንተን ማን ላከህ? እኔ ማንንም አላውቅም!»

«አባዬ፣ ስለ ጭንቅላትህ እኮ ነው የሚያወራው!» አለች ውዴነሽ።

«ዝም በይ! አንቺንም አስገብተውሻል ማለት ነው።»

ወጣ። ዶክተሩ «አባቴ፣ የእጅ እንቅስቃሴ አሁን ካልጀመሩ እጅዎ እንደዚሁ ይቀራል!» እያለ እስከ በሩ ተከተለው። መከተሉ ደግሞ ነገሩን አባሰው። «አየሽ? ክትትል ጀምሯል» አላት።

ከዚያ በኋላ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሳምንታት አለፉ። እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሶ ሊያማትብ ፈለገ። ቀኙ እንቢ አለ። በግራው እንዳያማትብ አፈረ። እዚያው ቆሞ እንባው ወረደ። ልጁ ጠጋ አለች። ያን የተንጠለጠለ እጅ ይዛ ወደ ግንባሩ፣ ወደ ደረቱ፣ ወደ ትከሻዎቹ ወሰደችለት። ሰውየው እጁን አልነጠቃትም።

«ወደዚያ ልጅ ውሰጂኝ» አላት።

ዶክተሩ አልተቀየመም። አብረው ለፉ። ክንዱ ቀስ በቀስ እስከ ትከሻ ወጣ። ጣቶቹ ግን አልተዘረጉም።

«ያኔ ብመጣ ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀ። «ምናልባት ጣቶቹም ይዘረጉ ነበር» አለው ዶክተሩ።

እጁ ምን ሆኖ ነበር? ምንም! ከላይ የሚላክለት ቃል አልደርስ ስላለው ነው የሞተው። ሐኪም ሊቀጥለው ሲመጣ ጥርጣሬው በሩን ዘጋበት። ያቆሰለው አብሮ አደጉ ነው፣ እውነት ነው። ጣቶቹን ግን ማን ወሰደበት? አብሮ አደጉ ነው?

እናንተስ? ከወንድማችሁ ጋር ግንኙነታችሁ ከተቋረጠ ስንት ዘመኑ ነው? ሲደውል «ምን ፈልጎ ነው» ብላችሁ ስልኩን አትዘጉም? «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ትሉኛላችሁ። ታዲያ ስንጥሩን ፈርተን በረሃብ እንለቅ?

አንተ አባት፣ ዛሬ ቤት ስትገባ ልጅህ ካናገረችህ መልስላት። መናገር ከሰለቻት በኋላ ብትጠራት ላትሰማህ ትችላለች።