የዳማውን ሰኮና ያንጋደደው ማን ነው?

ነገሩ የሆነው ሹም እንደ ልቡ በሚያስርበት ዘመን ነው። ሰውነታቸው እንደ ጎተራ የሰፋ ፊታውራሪ ጓንጉል የሚባሉ ሹም ነበሩ። ዳማ ፈረሳቸው ቢያነክስባቸው ባለእጅ አስጠሩ። ባለእጁ እግሩን አንስቶ ሲያይ፣ ሰኮናው ከጭነት ብዛት ተሰንጥቆ ወደ ጎን ተንጋዷል። ትርፉን ከረከመ፣ በሞረድ አስተካከለ፣ ብረት ጫማም መታለት።

ፊታውራሪው ግን ሽማግሌ ፈረስ ጠባቂያቸውን አስረው አቀረቡና ባለእጁን በሰው ፊት፣ "ፈረሴን የጎዳው ማን ነው? እሱ ከሆነ ይገረፋል። እሱ አይደለም ካልክ ግን የምጋልበው እኔ ብቻ ነኝና እኔን መክሰስህ ነው፤ አንተ ትገረፋለህ!" አሉት።

ሽማግሌው የባለእጁን አንጀት በሉት። ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና፣ "ጌታዬ፣ እሳቸውም አይደሉ፣ እርስዎም አይደሉ። የጎዳው ክብርዎ ነው። ክብርዎ እጅግ ከባድ ነው፤ ፈረሱ ደግሞ ያለው አራት እግር ብቻ ነው" አለ።

ፊታውራሪው ክብሬ ቀላል ነው ብለው አይከራከሩ ነገር ጨነቃቸው። ሽማግሌውን አስፈቱና ጢማቸውን እያሻሹ፣ "መድኃኒቱስ ምንድን ነው?" አሉ።

"ሰኮናው አድጎ እስኪጠና ድረስ፣ ጌታዬ፣ ክብርዎ በእግሩ ይሂድ።"