የሦስቱ እድሮች ድንኳን

አንዲት ሴት ባሏ ሞተባት። ክረምት ነበር። ዘመድ ከገጠር ጭቃ እያቦካ መጣ፤ የእድራቸው ድንኳን ግን ግማሹን እንኳ አልያዘም። የእድሩ ዳኛ ከጎረቤት ከሁለት እድሮች ድንኳን ተውሶ አንድ ላይ ሊያገጣጥም ተነሣ።

አልገጠመም። የአንዱ ማቆሚያ ቱቦ ወፍራም፣ የአንዱ ቀጭን፣ የሦስተኛው ደግሞ አጭር። እንዴት ይግጠም? ሁሉም በየፊናው ነው ያሠራው። በገመድ አስረው አቆሙት። ዝናቡ ሲጠና ገመዱ ላላ፣ ድንኳኑም ለቀስተኛው ላይ ተኛ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ክንዱ ተሰበረ፤ ሰዉም ተበተነ፤ እሷም ባሏን በወጉ ሳታለቅስ ቀረች።

ይህ አንገበገባት። አርባው ሳይደርስ ድንኳኖቹ እንዲገጥሙ ፈለገች። ሌላ ምንም አላማራትም፤ ያ የተበተነ ሰው ተመልሶ አንድ ጥላ ሥር እንዲቀመጥላት ብቻ ነው።

የሦስቱ እድሮች ዳኞችና አባላት ተሰበሰቡ። ሁሉም ቱቦ አንድ ልክ ይኑረው ሲባል ያልተስማማ የለም። በያጁ ክንዴ ተጠርቶ መጣና ነገሩን አስረዳ። ሦስቱን የሚያጋጥመው ልክ እስኪገኝ መቁረጥ አለ፣ መሞከር አለ፣ ማበላሸት አለ። እሱም ያን ሰሞን የሰው በር መሥራቱን ሊያቆም ነው። ታዲያ ወጪውን ማን ይችላል?

አሁን ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ያዘ። አንዱ ክንዴ ራሱ ይቻለው፣ ነገ እንጀራው ነው አለ። ሌላው ቀበሌ አለ። አንዱማ ሳያፍር ከሙዳየ ምጽዋት ይውጣ አለ። እኔ የምላችሁ፣ ከድንኳኑ ሥር የሚቀመጠው ቀበሌው ነው?

በመጨረሻ አቶ ድልነሳው ተነሡ። ብረት ነጋዴ ናቸው፤ የሀብታሞቹ እድር ዳኛም እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ብቻቸውን እንደሚችሉት ተናገሩ። ጉባኤው እፎይ አለ። ሴትዮዋም ደስ አላት፤ አርባው ተቃርቧል። ግን አንድ ነገር ከነከናት።

«አቶ ድልነሳው፣ ልኩ በማን ቱቦ ይወጣል?»

«በእኛ ነዋ፣ እትዬ ማንያህልሻል። አዲሱ የእኛ ነው። የቀራችሁት ትቀይራላችሁ።»

«ከማን ገዝተን?»

«ከእኔም ሱቅ አይጠፋም።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እሺ ብትል አርባዋ ያምርላታል። ሦስተኛው፣ የቀን ሠራተኞቹ እድር ግን ያለችውን አንዲት ድንኳን ጥሎ ሜዳ ላይ ይቀራል።

«ብቻዎን ከከፈሉ ልኩም የብቻዎ ነው» አለቻቸው። «ከየእድሩ አንዳንድ ቱቦ ይምጣና ልኩ ከሦስቱም ይቆረጥ። ክንዴንም ሦስታችንም እንቻለው። ከእኛ ይጀመር።»

የገዛ ዳኛዋ ነጠላዋን ጎተት አደረገና በጆሮዋ ነገራት፤ አንድ ቱቦ ከጎደለ ለአርባው ድንኳናቸው ባንድ ወገን ይዘማል።

«አውቃለሁ» አለች።

ቱቦው ተሰጠ። የቀን ሠራተኞቹም አመጡ። አቶ ድልነሳው አኩርፈው ሰነበቱ፤ ኋላ ቱቦውን ያመጡት አባሎቻቸው ተቆጥተዋቸው እንጂ በውድ አልነበረም።

ልኩ ለአርባው ደረሰ? አልደረሰም። ድንኳኑ ባንድ ጎኑ ዘሞ፣ ግማሹ ሰው ካፊያ እየመታው ተቀመጠ። ያ የባሏ ወንድምም የተሰበረ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ አጠገቧ ነበር። ድንኳኑ ቢወድቅም ዘንድሮ የሚነሣ የለም አለና ሲያስቃት ዋለ። ሦስቱን የሚያያይዘው መገጣጠሚያ ያለቀው መስከረም ላይ ነው። ሦስቱ ድንኳኖች መጀመሪያ አንድ ላይ የቆሙት ለማታውቀው ሰው ለቅሶ ነበር። ሄዳ ተቀመጠችበት፤ የባሏንም እዚያው አለቀሰች።

እንግዲህ እናንተስ? አንድ አድርገን እያላችሁ እግዜርን ታደክሙታላችሁ። አንድ መሆን በነጻ ነው ያላችሁ ማን ነው? ሚዛኑ እኩል እንዲሆን ትፈልጋላችሁ፣ ቧንቧው ከቧንቧ እንዲገጥም ትፈልጋላችሁ፤ ልኩን ለማውጣት ሲባል ግን መንግሥት ይክፈል፣ ሀብታም ይክፈል፣ ሠሪው ይክፈል። ሀብታሙ ሲከፍል ደግሞ ወደ ራሱ ቆረጠብን ብላችሁ ታማላችሁ። ታዲያ ምን ጠብቃችሁ ነበር? ቱቦውም እጁም የሱ ነው።

የሚጠለል ሁሉ ያዋጣ። ያለው በአቅሙ፣ የሌለውም በአቅሙ። ዛሬ ለእኔ አይደርስም አትበሉ፤ ለእሷም አልደረሰም። ነገ ስብሰባ ስትቀመጡ ማን አላመጣም ብላችሁ ጎረቤታችሁን ከመገላመጣችሁ በፊት፣ እስቲ ንገሩኝ፣ ከእናንተ ቤት የተቆረጠው ቱቦ የቱ ነው?