ጋሽ ይመር የግንባር ባትሪ የመረጠበት ሌሊት

በእኛ መንደር ሰው ሥራውን ሲያጓትት ሽማግሌዎቹ አንዲት አጭር ነገር ጣል አድርገውበት ያልፋሉ። ሰሚው ይስቃል፤ የተባለበት ሰው ግን አይስቅም። እንግዳ የሆነ ሰው ከጥንት የወረስነው አባባል ይመስለዋል። እኛ ግን የተባለችበትን ማሳም፣ ያስባላትን ሰውም እናውቃለን። ማሳው የእትዬ ዘሃራ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ጋሽ ይመር ነው።

እዚህ ጫካ ዳር በቆሎ የሚዘራ ሰው ግማሹን ለከርከሮ ነው የሚዘራው። ስለዚህ ወንዶቹ የጥበቃ ተራ አውጥተዋል። በየሌሊቱ የአንድ ሰው ማሳ ይጠበቃል፤ ተራው ያለፈበት ሰው እንደገና የሚደርሰው በዘጠነኛው ቀን ነው። አጠባበቁም ደንብ አለው። ከርከሮዎቹ በሚወጡበት መንገድ አንድ ሰው ጦር ይዞ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ሌሎቹ መብራት የያዘውን መሪ ተከትለው ከውሾቻቸው ጋር ከታች በኩል ይገባሉ። መብራቱ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ከሆነ ከርከሮው መሃል ላይ ይደናበርና ሰው ላይ ይመጣል።

በዚያ ክረምት የእትዬ ዘሃራ ባል ለሕክምና ጅማ ሄዶ ስለነበር ሦስት ልጆቿን ይዛ ብቻዋን ነበረች። የማሳዋን ግማሽ ከርከሮ በልቶታል። የቀረው ለመድረስ ጥቂት ቀን ብቻ ይቀረው ነበር። ተራዋ የደረሰ ዕለት ከቤት ቤት እየዞረች፣ “ዛሬ ካልተባረሩልኝ እስከሚቀጥለው ተራ የሚቆይልኝ አገዳ የለም” ብላ ተናገረች። ያልሰማ ሰው አልነበረም። ጋሽ ይመርም ሰምቷል።

የዚያን ዓመት መሪው እሱ ነበር። በአንድ እጁ ባትሪ፣ በአንድ እጁ ጦር እየያዘ ሁለቱም አልሆንለት ስላለ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይምጣ ተባለ። የገበያው ነጋዴ ሦስት ዓይነት ሰጠውና፣ “ሞክረህ አንዱን ያዝ፤ ሁለቱን ትመልሳለህ” አለው። ጋሽ ይመር ሦስቱንም አራት ቀን ሙሉ ቤቱ አስቀምጦ መምረጡን ለዚያው ሌሊት አቆየው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

እኩለ ሌሊት ላይ በእትዬ ዘሃራ ደጅ ተሰበሰቡ። ሽማግሌው አባ ሙሄ ጦራቸውን አንስተው ወደ መውጫው መንገድ ሄዱ። “ብርዱ ለጉልበቴ አይስማማም፤ አታቆዩኝ” ብለው ነበር የሄዱት።

ጋሽ ይመር የመጀመሪያውን ግንባሩ ላይ አሰረ። ብርሃኑ ነጭና ቀጭን ነው፤ ጫካው ድረስ ይደርሳል።

“ሩቅ ያሳያል። እግሬ ሥር ግን ጨለማ ነው” አለና ፈታው።

ሁለተኛው ሰፊና ቢጫ ነበር።

“ይኼኛው እግሬን ያሳያል። ግን ከአጥሩ አያልፍም።”

“በእግርህ ነው እንዴ የምትወጋው?” አለ እንድሪስ። እንድሪስ ከባለጦሮቹ ሁሉ ምላሱ የሰላ ነው።

ሦስተኛው ቀይ ነው። “ከርከሮ ቀይ ብርሃን አያይም ብሎኛል ነጋዴው።”

“ከርከሮውን ጠይቆት?”

ጋሽ ይመር በቀዩ ብርሃን ዙሪያውን ሲቃኝ ድንገት ጦሩን አነሳ። “እዚያ የተኛው ምንድን ነው?”

“ውሻዬ ነው! ኧረ ጦርህን ዝቅ አድርግ!” አለ እንድሪስ።

ቀዩም ተፈታ። ከዚያ እንደገና ነጩ፣ ከዚያ ቢጫው። እትዬ ዘሃራ አላስችል ብሏት፣ “ወንድምዓለም፣ አንዱን ያዝና ሂድልኝ። ሁሉም ያበራሉ እኮ” አለችው።

“እታለም፣ በችኮላ የተያዘ ነገር በኋላ ያጸጽታል። አንተ እንድሪስ! እስቲ በቆሎው ዳር ሂድና በአራት እግርህ ዳዴ በልልኝ።”

“ምን?”

“ልይህ ነዋ! ሳላይ እንዴት ልምረጥ?”

እንድሪስ ለእሷ ሲል ሄዶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ጋሽ ይመር ሦስቱን ባትሪዎች በየተራ እየቀያየረ፣ “ትንሽ ወደ ግራ... አሁን ተመለስ... አሁን ደግሞ ቁም” ይለዋል። ማሰሪያ ሲያጠብቅና ሲያላላ አሥር ሰዓት ሆነ። አላጋነንኩም፤ አሥር ሰዓት!

በዚህ መሃል ከበቆሎው በኩል የማጉረምረም ድምፅ መጣ።

“ጎበዝ! ድምፅህ ቁርጥ ከርከሮ ነው!” አለ ጋሽ ይመር።

“እኔ አፌንም አልከፈትኩም!”

 አገዳ ሲሰበር ተሰማ፤ አንድ፣ ከዚያ ብዙ።

“ገቡብኝ! ኧረ ድረሱልኝ!” እትዬ ዘሃራ ራሷን ይዛ ጮኸች።

ጋሽ ይመር ቢጫውን አስሮ ወረደ፤ ሰዎቹም ተከተሉት። ማሳው ጫፍ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

“ይኼ አይሆንም። ነጩ ነው የሚሻለው።”

“የት አለ ነጩ?”

“ደጅ ላይ ትቼዋለሁ።”

እንድሪስ እጁን ዘረጋ። “እንግዲያው ይኼንን አምጣና እኔ ልምራ!”

“መሪው ማን ነው? አንተ ነህ?” ብሎት መብራቱን ግንባሩ ላይ እንዳሰረ ሽቅብ ተመለሰ።

ሰዎቹ ጨለማ ውስጥ ተገትረው ቀሩ። ባለፈው ዓመት በስልክ ብርሃን የገባ ሰው ጭኑን ተተልትሎ ስለነበር ማንም አልደፈረም። ውሾቹ ብቻቸውን ገብተው ጮኹ። አገዳው ይሰበራል፤ ጋሽ ይመር አይመጣም። እንድሪስ ሽቅብ ተጣራ።

“ጋሽ ይመር! ምን እያደረግህ ነው?”

“ማሰሪያው ላልቶብኝ ነው! መጣሁ!”

ቆይቶ ደግሞ፣ “ቀዩን አንድ ጊዜ ብቻ ልየውና!” የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ዶሮ ጮኸ። ከዚያ ጎህ ቀድዶ የሰዉ ፊት መታየት ጀመረ።

አባ ሙሄ ከመውጫው መንገድ እያነከሱ መጡ። “የት ነበራችሁ? ጠግበው ጠግበው በአጠገቤ አለፉ። አንዷማ እግሬን ረግጣኝ ሄደች። ጦሬን የት እንደምሰነዝር ማን ያሳየኝ?”

 እትዬ ዘሃራ የተረገጠውን በቆሎ እያነሳች ታያለች፤ ትጥላለች። የቆመ የቀረው በአጥሩ ሥር ያለው ብቻ ነበር። “በሉ ልጆቼን ጥሩልኝ። ይኼንን ዛሬውኑ በእሸቱ እንቆርጠዋለን። ሌላ ተራ የምጠብቀው ለምኔ ነው?” አለች።

ይኼኔ ጋሽ ይመር እየሮጠ ቁልቁል ብቅ አለ። ነጩን ባትሪ አሳምሮ አስሮታል። ፀሐይ ከኋላው ወጥታ ስለነበር መብራት አለመብራቱ እንኳ አይታወቅም።

“ነጩ ነው! አሁን ገና ለየሁት! በሉ ተከተሉኝ!” አለ።

እትዬ ዘሃራ የተሰበረ አገዳ ይዛ ወደ አባ ሙሄ ዞረች። “እስቲ ይንገሩኝ አባ ሙሄ፤ ይኼ ሰው ምን ሆኖ ነው ሌሊቱን ሙሉ ያጓተተብኝ?”

አባ ሙሄ ጦራቸውን ተደግፈው ጋሽ ይመርን ከግንባሩ እስከ እግሩ አዩትና፣ “ምን ይሆናል ብለሽ ነው ልጄ፤ መብራት ሲመርጥ ነጋበት” አሉ።