ሸርጣኑና የአያ ጅቦ አፍንጫ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ ሥጋ ብቻ ማየት ሰለቸኝ ብሎ ቤቱ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አሠራ። የባሕር ውሃ ሞላበት፤ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች ለቀቀበት። አህያን ደግሞ ባሕር ድረስ ልኮ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ኮራል የሚሉትን የባሕር ድንጋይ በጀርባዋ አስጭኖ አስመጣ። አቤት ሲያምር! አንበሳ ከገንዳው ፊት አልነሳም አለ።

ታዲያ ድንጋዩ በገባ በሳምንቱ ዓሦቹ አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር። አንበሳ ጎፈሩን ነስንሶ «ማነው የደፈረኝ?» ብሎ አገሳ።

አያ ጅቦ ከሁሉም ቀድሞ ብድግ አለ። አህያን ባያት ቁጥር ምራቁን ሲውጥ ነው የከረመው። «ጌታዬ፣ ይሄ ምን ይጠየቃል! አህያ ናት የበላችው። ለእኔ ይስጡኝና ልቅጣት!»

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አለች አህያ። «እኔ ሣር በላተኛዋ፣ ዓሣ በየት በኩል ይዋጥልኛል?»

«እስከ ማታ ሌባው ካልተገኘ ለጅብ ትሰጫለሽ» ብሎ አንበሳ ፈረደ።

እመት ቀበሮ ግን ገንዳውን ስትዞር፣ ከድንጋዩ ቀዳዳ አንድ ጥቁር መቆንጠጫ ብቅ ብሎ እልም ሲል አየች። «አሃ! እዚህ ነህ ለካ!» አለች በሆዷ። ድንጋዩ ውስጥ ተሸሽጎ፣ በአህያ ጀርባ በነፃ ተሳፍሮ የመጣ ሸርጣን ነው። እሱ ደግሞ ካልጨለመ አይወጣም። ስለዚህ ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ቁራጭ ሥጋ ከትታ ድንጋዩ ላይ አጋድማ አስደገፈችው፤ የገባ ሁሉ መስታወቱ እያንሸራተተው አይወጣም። ከዚያ የመሸ እንዲመስለው በጠራራ ፀሐይ ገንዳውን በጋቢ ሸፈነችው።

«ማንም ጋቢውን እንዳይነካ!» አለች አያ ጅቦን እያየች። «ውስጡ ሥጋ አለ።»

አያ ጅቦ ሥጋ የሚለውን ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር አልሰማም። ትንሽ ቆይቶ ማንም አያየኝም ብሎ ራሱን በጋቢው ሥር አሾለከና አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ሰነቀረ።

«ዋይ! ዋይ! ኡኡ! ድረሱልኝ!»

ከነጋቢው ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ሲወድቅ፣ አፍንጫው ላይ አንድ ጸጉራም ሸርጣን ተንጠልጥሏል። በአንድ እጁ የጅብን አፍንጫ፣ በሌላው የቢጫ ዓሣ ጅራት ጨብጧል።

«አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» አለ አንበሳ።

«በአህያ ነዋ!» አለ ሸርጣኑ፣ አፍንጫውን ሳይለቅ። «እሷ ቤቴን ስትሸከመው ተኝቼ ነበር። ውረድ ያለኝም የለም!»

አንበሳ ሳቁ አመለጠው። አህያን ይቅርታ ጠየቃት፤ ሸርጣኑንም ለብቻው ሌላ ገንዳ ውስጥ አኖረው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ድንጋይ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ ሰንብቶ ማን እንደተሸሸገበት ሳይታይ አይገባም ተባለ። አያ ጅቦማ አፍንጫው ዱባ አክሎ፣ አህያ በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን ለመብላት ብለን በሐሰት ብንወነጅል፣ የገዛ ሆዳምነታችን እውነቱን ጎትቶ አደባባይ እንደሚያወጣው ነው።