መስኮቶቹ ያላዩዋት አህያ

ተረቴን በአህያ ጭኜ መጥቻለሁ፤ አውርዱልኝ።

እትዬ አስካለች ውኃ እየቀዱ በመሸጥ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ያለቻቸው አንዲት አህያ፣ ዳለቻ ብቻ ናት። በጎረቤት ቀበሌ አባ ሰንጋ ገባ ሲባል ተጨነቁና ዳለቻን እየነዱ ወደ ከብት ክሊኒክ ሄዱ።

«ዶክተር፣ ልጄ፣ ይህችን ውጋልኝ።»

«እትዬ፣ ስክሪኑ ላይ ያልታየ ከብት አይወጋም፤ ደንባችን ነው» አለ ዶክተር ተካልኝ። ዳለቻ ደጃፉ ላይ ቆማ ታናፋለች።

«ስክሪን ሆይ፣ ዳለቻን አሳይ፤ ዶክተሩ ይውጋ» አሉ እትዬ።

«ላይኛው መስኮት ካላቀበለኝ ከየት አምጥቼ?» አለ ስክሪኑ። መስኮት የሚሉት በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የከብት መዝገብ ሰንጠረዥ አሻግሮ የሚያሳይ ነው፤ የራሱ የሆነ ነገር የለውም፣ ኩራት ግን አለው።

«ላይኛው መስኮት፣ ለስክሪኑ አቀብል፤ ስክሪኑ ያሳይ፣ ዶክተሩ ይውጋ።»

«እኔ የማየው በታችኛው መስኮት በኩል ነው። እሱ ካላየ እኔም አላይ።»

«ታችኛው መስኮት፣ ለላይኛው አሳይ፤ ላይኛው ለስክሪኑ ያቀብል፣ ስክሪኑ ያሳይ፣ ዶክተሩ ይውጋ።»

«እኔ የማውቀው በተሠራሁ ቀን ሰንጠረዡ ላይ የነበሩትን ዓምዶች ነው። በሬ፣ በግ፣ ፍየል። አህያ የሚባል አላየሁም።»

ሰንጠረዡ ይህን ሲሰማ ቱግ አለ። «አህያማ አለች! ከፋሲካ በኋላ አዲስ ዓምድ ጨምረውልኝ ዳለቻም ተመዝግባለች። እሱ ነው ዛሬም በድሮው ዓይኑ የሚያየኝ! ኤፍራታ እንደገና ትሥራው።»

ኤፍራታ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ምሳዋን ገና መክፈቷ ነው።

«ኤፍራታ፣ ልጄ፣ ታችኛውን መስኮት እንደገና ሥሪው፤ ታችኛው ለላይኛው ያሳይ፣ ላይኛው ለስክሪኑ ያቀብል፣ ስክሪኑ ያሳይ፣ ዶክተሩ ይውጋ፣ ዳለቻዬ ትትረፍልኝ!»

«እማማ፣ እየሠራ ያለ ነገር አይነካም። ደግሞ ምሳ ሰዓት ነው።»

እትዬ እንባቸው መጣ። «እሷ ከሞተችብኝ ውኃውን በጀርባዬ ልሸከም?»

ዳለቻ ግን ለቅሶ አታውቅም። በሩን በግንባሯ ገፍታ ገባች፣ የኤፍራታን ጎመን ጠራርጋ በላች፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተሩ ኬብል ዞረች።

«ወይኔ! ኬብሉን እንዳትበላው!» አለች ኤፍራታ።

አህያዋ ቶሎ ተወግታ እንድትወጣላት ተስፈንጥራ ሁለቱንም መስኮቶች አፈረሰች፤ ታችኛውን ሠራች፣ በላዩ ላይኛውን ሠራች። ታችኛው ለላይኛው አሳየ፣ ላይኛው ለስክሪኑ አቀበለ፣ ስክሪኑ አሳየ፣ ዶክተሩ ወጋ፣ ዳለቻም በእርግጫ አመሰገነችው። እትዬ አንገቷን አቅፈው ሳሟት።

በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ በቅሎ እየሳቡ ብቅ አሉ። ኤፍራታ ማንም ሳይነግራት ምሳዋን ታቅፋ ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች።

ተረቴን አራገፍኩ፤ አህያዋን መልሱልኝ፣ ውኃ ትቀዳለች።