ጥርኟና ደጉ አያ ጅቦ

ተረት ተረት፤ የጥርኝ ጉድጓድ በሩ ክፍት።

አንዲት ልጅ እግር ጥርኝ ነበረች። የበላችውን፣ ያመማትን፣ እናቷ የሄደችበትን ሁሉ በየቁጥቋጦው እየተሻሸች በጠረኗ ታወራ ነበር። እያሸተተ የሚያደንቅ ተከታይ ሲበዛላት የጉድጓዷ አፍ ላይም ተሻሸች።

አንድ ቀን አያ ጅቦ፣ መቼም ደግ ነውና፣ ደጇ ድረስ መጣ።

«ልጄ፣ የበላሽው ሾላ ሆድሽን ሲነፋሽ አደረ አሉ። እናትሽም ወንዝ ማዶ ናት። ነይ ውጪ፣ እኔ ላስታምምሽ።»

ጥርኟ ወደ ጉድጓዷ ውስጥ አፈገፈገች። «ማን ነገረህ አያ ጅቦ?»

«አንቺው ነሻ! አንድም ቁጥቋጦ አላለፈኝም።»

ወጥታ እንዳታጥበው ጠረኑ አይለቅ፤ ደጁን ደግሞ ጅብ ይዞታል። ይሄኔ ፍርሃቷ ወደ ንዴት ዞረ።

«እንግዲያው የነገርኩህን ታቅፈህ ተቀመጥ! ያልነገርኩህን ግን ጥርስህ ቢረግፍ አታገኛትም!» ብላ በጓሮው ቀዳዳ ሾልካ ወደ እናቷ ገሠገሠች። በዚያ በኩል ሳትሻሽ የቀረችው ብልህ ሆና አይደለም፤ አድናቂ ስለማያልፍበት ነው።

አያ ጅቦ ግን የደጁ ጠረን «እዚህ አለሁ» ስለሚለው፣ ሕመምተኛ ጥሎ መሄድ ነውር ነው ብሎ ዛሬም ምራቁን እየዋጠ ያስታምማል።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አድራሻዬን ግን አትጠይቁኝ።